በየት በኩል ልሻገር? ከኤልፒኤን ወደ አርኤን

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ እንደመጣሁ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆንኩ፣ ከዚያ ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለች ባለ ፈቃድ ነርስ)። ኤልፒኤን ከሆንኩ አሁን 6 ዓመት አለፈኝ። የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው፤ ኢቭኒንግ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከ3 እስከ 11። በአንድ ሺፍት ለ28 ሰው መድኃኒት እሰጣለሁ። የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ነበረኝ፣ እዚህ ግን አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም።

አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ) መሆን እፈልጋለሁ። ከእኔ በኋላ የመጡ ልጆች ዛሬ ሱፐርቫይዘሮቼ ናቸው። ቅናት አይደለም፣ ግን ያማል።

ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። አንደኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን የቅድሚያ ኮርሶቹን ጨርሰሽ፣ ተራ ጠብቀሽ ሦስት ዓመት ይፈጃል ይሉኛል። ሁለተኛው የግል ትምህርት ቤት ነው። ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው፣ በ15 ወር ያልቃል፣ 38,000 ዶላር ይጠይቃል። ሦስተኛውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሁሉም ኦንላይን ነው፣ ክሊኒካል (ከበሽተኛ ጋር የሚደረግ የተግባር ልምምድ) የለውም። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትጨርሺዋለሽ» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «ኤዲኤን (የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የነርስ ዲግሪ) ጊዜው አልፎበታል፤ ከተማርሽ አይቀር ቢኤስኤን (የነርስ ባችለር ዲግሪ) ተማሪ» ይላል። ሁሉም ትክክል ይመስለኛል። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ እኔ ብሆን ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ነበር የምመርጠው። ባለቤትሽም አልተሳሳተም፣ ቅደም ተከተሉን ነው ያዛባው። ኦንላይኑን ዛሬውኑ እርሺው። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ምክንያቱን ካልነገርኩሽ ያቺ ባልደረባሽ ነገ ማታ ብሬክ ላይ መልሳ ታሳምንሻለች።

በእኔ ቦታ ቢሆኑ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሆኜ አይቼዋለሁ። በ1998 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጣሁ። ሲኤንኤ ሠራሁ፣ ከዚያ ኤልፒኤን ሆኜ 7 ዓመት መድኃኒት ጋሪ ገፋሁ። በ2005 አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ። «አርኤን በቅዳሜና እሑድ ብቻ» ይላል። እንጀራ ልገዛ ገብቼ ስልክ ቁጥር ይዤ ወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። በዚያው ሰሞን 7,000 ዶላር እቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ለእናቴ ቤት ጣሪያ የታሰበ ገንዘብ ነው። ሄጄ ቅድሚያ ክፍያ ብዬ አስረከብኩት።

ሁለት ተርም ተማርኩ። መምህራኑ በየወሩ ይለዋወጣሉ። ክሊኒካል የተባለው እኔው የምሠራበት ዓይነት ነርሲንግ ሆም ነበር። ሆስፒታል አንድም ቀን አልገባንም። በመጨረሻ ተመራቂዎቹ ፈተናውን እየወደቁ ሄዱና ፕሮግራሙ ተዘጋ። ክሬዲቴን ይዤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄድኩ። አማካሪዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና ቀስ ብላ መለሰችልኝ። አንዱንም ኮርስ አልተቀበሉትም። የእናቴ ቤት ሌላ ሁለት ክረምት አፈሰሰ።

ስለዚህ እኔ ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ «ስንት ወር ነው?» ብዬ አልጀምርም። ሁለት ወረቀት ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያው የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ከሌለው ትምህርት ቤት ተመርቀሽ ኤንክሌክስን፣ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና፣ ለመፈተን መከራሽን ነው የምታዪው። ሁለተኛው አክረዲቴሽን ነው። በነርሲንግ ስማቸው የሚነሳው ኤሲኢኤን እና ሲሲኤንኢ የሚባሉት ዕውቅና ሰጪዎች ናቸው። መዝጋቢው ፈገግ ብሎ «አክረዲትድ ነን» ሲልሽ «በማን?» በይው። ኮሌጁ በጥቅሉ ዕውቅና ኖሮት የነርሲንግ ፕሮግራሙ ላይኖረው ይችላል። ዛሬ ልዩነቱ አይታይሽም። ወደ ቢኤስኤን ስትሻገሪ ወይም የቬተራንስ ሆስፒታል ስታመለክቺ ነው ቁልጭ ብሎ የሚመጣው።

ከዚያ የማለፊያ ቁጥሩን እዪ። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ቦርድ ከየትምህርት ቤቱ ስንት ሰው በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ በየዓመቱ ያወጣሉ። የአንድ ዓመት ቁጥር አትመኚ። የሦስት አራት ዓመቱን ደርድሪና ተመልከቺ። የተፈታኙንም ብዛት ቁጠሪ። 9 አስፈትኖ 9 ያሳለፈ ትምህርት ቤት መቶ በመቶ ነኝ ይላል። አብረዋቸው የጀመሩት የቀሩት 30 ተማሪዎች የት ደረሱ?

የግል ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። ጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ያገኘሽው እነዚህን ሁሉ ካለፈ ያኔ ሒሳብ እንሠራለን። አንቺ ደግሞ አካውንታንት ነሽ።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2024 ያወጣው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ለኤልፒኤን 62,340፣ ለአርኤን 93,600 ዶላር ነው። ልዩነቱ 31,260 ነው። የግሉ ትምህርት ቤት ሰዎች ይህን ቁጥር ያሳዩሽና «አንድ ዓመት ስትዘገዪ ይህን ሁሉ ታጪያለሽ» ይሉሻል። ውሸት አይደለም። ግን 38,000ው ብድር ነው፣ ወለድ አለው፣ ብትወድቂም ይከፈላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የሚበላብሽ ጊዜ ነው። ጊዜውን ደግሞ ዛሬ ቁጭ ብለሽ ማሳጠር ትችያለሽ።

እንዴት? ዲግሪሽን ከሻንጣ አውጪው። አካውንቲንግ ስትማሪ እንግሊዝኛ ወስደሻል፣ ሒሳብ ወስደሻል፣ ስታቲስቲክስ ወስደሻል። ምናልባት ሳይኮሎጂም። ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረ ኢቫሉዌሽን አሠሪ፤ ደብሊውኢኤስ የሚባለው የውጭ ዲግሪ መዛኝ ድርጅት የሚሠራው ዓይነት። ኮሌጁ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራት ኮርስ ቢቀበልሽ አንድ ሴሚስተር አተረፍሽ ማለት ነው። ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት ማስላክ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ በአካል የሚሄድልሽ ዘመድ ፈልጊ፣ የሚታገስ ዘመድ። ዛሬ ጀምሪው።

ዲግሪው አንድ ጉዳትም አለው፣ ከወዲሁ ልንገርሽ። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ) ስትሞዪ የፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት ዕርዳታ) ተስፋ አታድርጊ። ፔል የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው፤ የአገር ቤቱም ዲግሪ ይቆጠራል። «ዝም በይ፣ አታሳውቂ» የሚሉሽ አይጠፉም። ፎርሙ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ ፊርማው ያንቺ ነው። እንዳትነኪው። የፌዴራል ብድሩ ግን አይከለከልሽም። (ዲግሪ የሌላችሁ አንባቢዎች ግን ሙሉ። በ2025-26 የትምህርት ዓመት የፔል ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።)

አሠሪሽንም ጠይቂ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ከታክስ ነፃ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ልክ እስከዚያ ድረስ ይከፍላሉ። ነርሲንግ ሆሞችም ያደርጉታል፣ ግን ግድግዳ ላይ አይለጥፉትም። ኤችአር ቢሮ ገብተሽ በስሙ ጥሪው፦ ቱይሽን ሪኢምበርስመንት። ከመፈረምሽ በፊት «ከተመረቅሽ በኋላ ይህን ያህል ዓመት ትሠሪያለሽ» የሚለውን መስመር አንብቢ። ሁለት ዓመት ከሆነ ፈርሚ። ከዚያ በላይ ከሆነ ተደራደሪ።

አሁን ወደ ኦንላይኑ። ሌክቸር ኦንላይን መሆኑ ችግር የለውም፣ ግማሹ አገር እንደዚያ ይማራል። ክሊኒካል የለውም የሚለው ነው ያስደነገጠኝ። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል ዓቃቤ ሕጎች ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉድ አወጡ። ምርመራውን «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ብለውታል። ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ሸጠዋል። ከገዙት ውስጥ ብዙዎቹ እንደ አንቺ ኤልፒኤን የነበሩ ናቸው። ኤንክሌክስ አልፈው ሥራ የጀመሩም ነበሩ። ከዚያ የየስቴቱ ቦርድ አንድ በአንድ እየጠራ ፈቃድ ቀማ። የተገኘ ሁሉ ተጠያቂ ነው። «አላወቅኩም ነበር» የምትል ነርስ ቦርድ ፊት ቀርባ አታሳዝንም። በሽተኛ ሳይነኩ ነርስ መሆን እንደማይቻል አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ያቺ ባልደረባሽ ተመዝግባ እንደሆነም ንገሪያት።

ባለቤትሽ ስለ ቢኤስኤን ያለው እውነት አለው። ኒው ዮርክ በ2017 ሕግ አውጥታለች፦ አዲስ አርኤን በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን መያዝ አለበት። እዚህ እኛ አካባቢ እንደዚያ ያለ ሕግ የለም፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ግን ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉ። ኤዲኤን ያለውን ሲቀጥሩም ብዙ ጊዜ «በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ ጨርሺ» ብለው ያስፈርማሉ። እሺ። ግን ኤዲኤንም ቢኤስኤንም ያለው የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው፣ የሚያገኘውም አንድ ፈቃድ ነው። አንቺ መጀመሪያ ፈቃዱን ያዢ። የአርኤን ደመወዝ እየበላሽ፣ ሆስፒታሉ እየከፈለልሽ፣ ቢኤስኤኑን ኦንላይን ትጨርሺዋለሽ። እዚያ ላይ ኦንላይን ጥሩ ነው፤ ክሊኒካሉን ቀድመሽ ጨርሰሻላ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማርሽ ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲ ቢኤስኤን ኮርስ የምትጀምሪበት የጋራ ምዝገባ አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ከኮሌጆች ጋር እንዲህ ይሠራል። ሁለት ልጅ ይዘሽ ሁለቱን ባንዴ አልመክርሽም። መኖሩን ግን ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ ካልሽ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የነርሲንግ ትምህርት እዚያው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው የሚሰጠው። ሂጂና አማካሪ አነጋግሪ። ብዙ ኮሌጆች ኤልፒኤን ለሆነ ሰው አንድ ትራንዚሽን ኮርስ ሰጥተው የመጀመሪያውን ክፍል ያዘልላሉ። ሦስት ጥያቄ ያዢ። ኤልፒኤን ሆኜ ከየትኛው ሴሚስተር ነው የምገባው? የመግቢያ ፈተናው ቲስ ነው ወይስ ሄሲ? ሳይንስ ኮርሶቼ ስንት ዓመት ይቆያሉ? ይህን ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፤ እነዚህ በብዙ ኮሌጅ ጊዜ ያልፍባቸዋል፣ 5 ወይም 7 ዓመት። እኔ አናቶሚን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ወድቄ አልነበረም። አርጅቶብኝ ነው። ለኤልፒኤን ብለሽ የወሰድሽው ካለ ቀኑን እዪ።

አናቶሚን ብቻውን ውሰጂው። ከምንም ጋር አታዳብዪው።

ስለ ሥራሽ። ከ3 እስከ 11 የቅድሚያ ኮርሶቹን ስትወስጂ ይመቻል፣ ጠዋት ክፍል ትገቢያለሽ። ክሊኒካል ሲጀመር ግን ያበቃል። ክሊኒካል ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7 ይጀምርና ከሰዓት ይወስድሻል። ማታ 11 ተኩል ወጥተሽ ጠዋት 7 ሰዓት ዩኒፎርም ለብሰሽ ሆስፒታል መቆም አንድ ሳምንት ይቻላል፣ አንድ ዓመት አይቻልም። እኔ ያደረግኩት ቅዳሜና እሑድ ደብል ነው። 16 ሰዓት፣ 16 ሰዓት። 32 ሰዓት በሁለት ቀን። እግሬ አብጦ ሰኞ ጫማ አይገባልኝም ነበር፣ ግን አምስቱ ቀን የእኔ ነበር። አንዳንድ ነርሲንግ ሆም ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የተለየ ክፍያ ያለው ፕሮግራም አለው፣ ኢንሹራንስ ጭምር። የእናንተም ቤት እንዳለው ጠይቂ። ባለቤትሽ ኡበር መንዳቱ ትልቅ ሀብት ነው። ሰዓቱ በእጁ ነው። ጠዋት ልጆቹን የሚያደርስ እሱ ይሁን። ይህን ስትመዘገቢ ሳይሆን ከመመዝገብሽ በፊት ተነጋገሩ፤ ካላንደሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ።

ዘመድና ጓደኛ ደግሞ አለ። ክርስትና፣ ምርቃት፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ማኅበር። ለአንድ ዓመት ተኩል ከለቅሶ በስተቀር ሁሉንም ቅሪ። አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ይቀየማሉ። አንዷ የማኅበር ጓደኛዬ ለሁለት ዓመት አላናገረችኝም ነበር። አርኤን ስሆን መጀመሪያ ደውላ «የደም ግፊት መድኃኒቴን ልቀይር?» ያለችኝ እሷ ናት።

አሁን ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። ለኤልፒኤን ከባዱ ነገር አናቶሚ አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም። ልምድሽ ነው።

በወረቀት ላይ ኤልፒኤን መረጃ ትሰበስባለች፣ አርኤን ትመዝናለች። ኤልፒኤን ያቺ በሽተኛ ተቀይራለች ብላ ትናገራለች፣ አርኤን ለምን ተቀየረች ብላ ታስባለች። በሥራ ላይ ግን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ማታ ፎቁ ላይ ብቻሽን ነሽ። አርኤን የምትባለው ስልክ ላይ ናት። ስለዚህ «እኔ እኮ የአርኤን ሥራ ነው የምሠራው» ብለሽ ክፍል ትገቢያለሽ። የሚጥልሽ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ያዳበርሽው ፍጥነት ነው፦ 28 ሰው፣ በሰዓቱ፣ ሳይሳሳቱ። አርኤን ትምህርት ቤት የሚፈልገው ጋሪውን አቁመሽ ማሰብን ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ። አራት በሽተኞች አሉሽ። አንደኛው ሲኦፒዲ (የቆየ የሳንባ በሽታ) አለበት፣ ኦክስጅኑ 90 ነው። ሁለተኛዋ ስኳሯ 210 ነው። ሦስተኛው ትናንት ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ሕመሜ ከ10 ስምንት ነው ይላል። አራተኛዋ የዳሌ አጥንቷ ከተጠገነ ሁለት ቀኗ ነው፤ አሁን በድንገት ትንፋሽ አጠራት፣ ተቁነጠነጠች። ማን ጋ ትሄጃለሽ?

እኔ በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ጋ ነበር የምሮጠው። ሕመም አለ፣ የታዘዘ መድኃኒት አለ፣ ቁልፉ ኪሴ ነው። የጋሪ ጭንቅላት ማለት ይህ ነው። መልሱ አራተኛዋ ናት። ከእግሯ የተነሳ የረጋ ደም ሳንባዋ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለሲኦፒዲው 90 ለእሱ ደህና ነው፣ ስኳሯም ይጠብቃል። የሚያመው ሰው ያመዋል፣ ግን አይሞትም። ድንገተኛ የሆነውንና ያልተጠበቀውን ካላየሽ ፈተናው አይለቅሽም።

እኔን አልለቀቀኝም። በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን ጣሪያው 265 ጥያቄ ነበር፤ ሁሉንም ጠየቀኝና ጣለኝ። በሁለተኛው 82ኛው ጥያቄ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፋ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ መውደቄ ነው ብዬ። አልፌ ነበር። በመካከሉ የለወጥኩት አንድ ነገር ነው፦ ሥራ ቦታ የማደርገውን መመለስ አቆምኩ። ኤንክሌክስ የሚጠይቀው በሌላ ሆስፒታል ስለሚሆነው ነው። እዚያ ሰው አይጎድልም፣ ዕቃ አይጠፋም፣ ሐኪም ሲደወልለት ያነሳል። እዚያ ሆስፒታል ገብተሽ ነው መመለስ ያለብሽ።

አሁን ፈተናው ተቀይሯል። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ረጅም የበሽተኛ ታሪክ እየሰጠ ደረጃ በደረጃ ይጠይቃል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ነው፣ ጊዜው 5 ሰዓት። የመመዝገቢያው 200 ዶላር ነው። ከወደቅሽ 45 ቀን ጠብቀሽ ትደግሚያለሽ። አገር ቤት እንደለመድነው ሸምድደሽ አትግቢ። በቀን 50 ጥያቄ ሥሪ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ የተሳሳትሽው «ለምን?» ብለሽ በአማርኛ ጮክ ብለሽ አስረጂ። እኔ ለባለቤቴ ነበር የማስረዳው፤ እስካሁን ስለ ፖታሲየም ከእኔ ባልተናነሰ ያወራል።

ጥያቄ

ሲስተር፣ እኔ አገር ቤት የ3 ዓመት ዲፕሎማ ነርስ ነበርኩ። ጤና ጣቢያ 8 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰዎች «መጀመሪያ ኤልፒኤን ተማር» ይሉኛል። እውነት ከዜሮ መጀመር አለብኝ?

ዲፕሎማዬ ይቁጠርልኝ

መልስ

ወንድሜ፣ ከመማርህ በፊት አስመዝን። ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ ከ2025 ጀምሮ ትሩሜሪት የተባለው ድርጅት የውጭ ነርሶችን ትምህርት ይገመግማል። የሚያየው ነገር ይህ ነው፦ በአዋቂ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕመም ንድፈ ሐሳብም ተግባርም ተምረሃል ወይ? አምስቱም ካሉህ በቀጥታ ለአርኤን ኤንክሌክስ የመቅረብ ዕድል አለህ። አንዱ ከጎደለ የጎደለውን ብቻ ልትሞላ ትችል ይሆናል። ኤልፒኤን ተምረህ ከጨረስክ በኋላ ይህን ብታውቅ ያንገበግብሃል። የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠብቅሃል፣ ጎን ለጎን ተዘጋጅ።

ትራንስክሪፕቱ ከተማርክበት ቦታ በቀጥታ ነው መላክ ያለበት። አንተ በእጅህ የያዝከው ኮፒ፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ አይቀበሉትም። የነርስ ፈቃድህም ማረጋገጫ እንዲሁ። ወረቀቱ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ከፓርኪንጉ ወጥተህ ሲኤንኤ ሁን። አገር ቤት ሕመምተኛው «ዶክተር» እያለ ሲጠራህ ለኖርክ ሰው ሽንት ቤት ማድረስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የአሜሪካን ሆስፒታል ቋንቋ፣ አነጋገሩን፣ ቻርቱን፣ ፈተና ላይ የሚመጣውን ቃል ሁሉ እዚያ ትሰማዋለህ። ፓርኪንግ ውስጥ አትሰማውም።

አጭር ጥያቄ

ሲስተር፣ ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ የምኖር ኤልፒኤን ነኝ። ሜሪላንድ ቤት ገዝተን ልንገባ ነው። ፈቃዴ እዚያም ይሠራል?

መልስ

እንኳን ደስ አላችሁ። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ናቸው። የያዝሽው የብዙ ስቴት ፈቃድ ከሆነ ለመሥራት ያህል ይሠራል። መኖሪያሽን ስትቀይሪ ግን ነገሩ ይለያል። ሜሪላንድ ከገባሽ በ60 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ። እስኪወጣ ድረስ በቨርጂኒያው ትሠሪያለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት መንጃ ፈቃድሽን ቀይሪ። ነዋሪነትሽን ለማረጋገጥ ቦርዱ የሚያየው እንደ እሱ ያለውን ወረቀት ነው።